በማይሰማ ድምፅ ዕቃ ስለ ማጠብ፤ ታሪኩና ጥንቃቄው

በሙከራ ቤት ጠረጴዛ ላይ የምትቀመጠው የድምፅ ማጠቢያ መኪና ከውጭ ሲያዩዋት ከማይዝግ ብረት ከተሠራ ድስት ብዙም አትለይም። ውሃ ይሞላባታል፤ ጥቂት ሳሙና ይጨመርባታል፤ የደረቀ ቅባትና ዝቃጭ የያዘው የብርጭቆ ዕቃ በሽቦ ቅርጫት ተደርጎ ይጠልቅባታል። ማብሪያዋ ሲጫን እንደ ትንኝ መንጋ ያለ ቀጭን ጩኸት ይሰማል፤ የውሃውም ፊት በጥቂቱ ይንቀጠቀጣል፤ ከዚህ በቀር ለዓይን የሚታይ ነገር የለም ለማለት ይቻላል። ሆኖም ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ብሩሽ የማይደርስበት ጠባብ ቱቦ እንኳ ጸድቶ ይወጣል።

ከመኪናዋ ጋራ ከሚሰጡት ትእዛዞች አንዱ በሥራ ላይ ሳለች እጅ አይግባባት የሚል ነው። ይህን የሚያነብ ተማሪ ውሃው እንዳልፈላ ያያል፤ ስለት እንደሌለበትም ያያል፤ ስለዚህ ትእዛዙ ለማስፈራራት ብቻ የተጻፈ ይመስለዋል። ምክንያቱን የሚነግረው አስተማሪ ካላገኘ አንድ ቀን ጣቱን አግብቶ ይሞክራል። በዚያች ቅጽበት ብዙ ነገር ላይደርስበት ይችላል፤ ነገሩን የሚያከፋውም ይኸው ነው። ትእዛዙን እንደ ሐሰት ቈጥሮ ሁለተኛ ጊዜ እጁን እስከ አንጓው ያገባልና።

የዚህ ትእዛዝ ምክንያት የተገኘው በማጠቢያ ሥራ አይደለም። አንዱ ክፍል የተገኘው በመርከብ ፕሮፔለር፥ ሌላው በጦርነት ጊዜ በባሕር ውስጥ በተደረገ ፍለጋ፥ ሦስተኛው ደግሞ በአንድ ባለጸጋ የግል ሙከራ ቤት ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

በ1893 እና በ1894 ዴሪንግ የተባለችው የእንግሊዝ የጦር መርከብ ስትሞከር ሞተሯ በቂ ኃይል እያለው የታሰበላትን ፍጥነት ሳታገኝ ቀረች። ፕሮፔለሩ እጅግ ሲፈጥን ከኋላው ያለው ውሃ ሊከተለው አልቻለም፤ ስለዚህ ውሃው እንደሚቀደድ ጨርቅ ተለያይቶ በመካከሉ ባዶ ጎድጓዳ ተፈጠረ። መርከቧን የሠራው ቶርኒክሮፍትና ባልደረባው ባርናቢ የፕሮፔለሩን ቅጠሎች ስፋት በጨመሩ ጊዜ የፈለጉትን ፍጥነት አገኙ፤ በ1895ም ነገሩን ጽፈው ለመሐንዲሶች አስታወቁ። ለሁኔታውም ፍሩድ የተባለው የመርከብ ሊቅ ባቀረበው ሐሳብ ካቪቴሽን የሚል ስም ተሰጠው፤ ጎድጓዳ ከሚለው የላቲን ቃል የወጣ ነው።

በዚያው ዘመን ቻርልስ ፓርሰንስ በእንፋሎት ተርባይን የምትሄድ ተርቢኒያ የተባለች ትንሽ መርከብ ሠርቶ ነበር። እርሷም በመጀመሪያው ሙከራ ተስፋ አስቈረጠችው። ፓርሰንስ ግን በግምት መሄድን ትቶ በ1895 መስኮት ያለው ትንሽ የውሃ ገንዳ አሠራና በውስጡ ትንሽ ፕሮፔለር አሽከረከረ፤ ብርሃንንም እየቈራረጠ በማብራት አረፋዎቹ በቅጠሎቹ ላይ ሲፈጠሩ በዓይኑ ተመለከተ። ከዚህ በኋላ በአንዱ ዘንግ ፈንታ ሦስት ዘንጎች አድርጎ በእያንዳንዱ ሦስት ሦስት ፕሮፔለር አደረገ። በ1897 በንግሥት ቪክቶሪያ የስልሳ ዓመት በዓል ተርቢኒያ በተሰለፉት የጦር መርከቦች መካከል በሰዓት ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ እየሮጠች ስታልፍ ሊያስቆማት የቻለ ጀልባ አልተገኘም። የማይታይን ነገር ለማየት መስኮት ማበጀት፥ ይህ የፓርሰንስ ዘዴ ለአስተማሪ ሁሉ የሚጠቅም ነው።

ነገር ግን አረፋው የመርከብን ፍጥነት በመቀነስ ብቻ አልተወሰነም። ታላላቆቹ ፈጣን መርከቦች ከጥቂት ጊዜ ጉዞ በኋላ ፕሮፔለራቸው ተቦርቡሮ፥ ነቀዝ እንደ በላው እንጨት ሆኖ ይገኝ ጀመር። ብዙዎች ይህን የባሕር ጨው ያመጣው ዝገት አድርገው ቈጠሩት። ፓርሰንስ ግን ጥርጣሬውን ለታላቁ የፊዚክስ ሊቅ ለሎርድ ሬይሊ አቀረበለት። ሬይሊ ሰባ ዓመት አልፎት ነበር፤ ስለዚህ ነገርም አስቀድሞ ያሰበው ሐሳብ ነበረው። ውሃ ሊፈላ ሲል ማንቆርቆሪያው የሚጮኸው ከታች የተነሡት አረፋዎች ከላይ ባለው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲገቡ ስለሚፈራርሱ መሆኑን ከኦስቦርን ሬይኖልድስ ጽሑፍ አንብቦ ሊመረምረው አስቦ ነበር። ጀበና ከመፍላቱ በፊት ሲያንጎራጉር የሰማ ሰው ሁሉ ሬይሊ የሰማውን ሰምቷል።

በ1917 ሬይሊ ስሌቱን አወጣ። በውሃ ውስጥ ያለ ባዶ አረፋ በዙሪያው ባለው ውሃ ክብደትና በአየር ግፊት ተገፍቶ ሲፈራርስ፥ ውሃው ወደ መካከል እየተሽቀዳደመ ይሮጣል፤ ቦታው እየጠበበ በሄደ መጠን ሩጫው ይፈጥናል። የአረፋው ስፋት ከመነሻው 20 እጅ አንድ እጅ ሲሆን፥ በአጠገቡ ያለው ግፊት ከተለመደው የአየር ግፊት 1260 ጊዜ ይበልጣል። የሒሳብ አስተማሪ ለላይኛው ክፍል ተማሪዎች ሊያሳያቸው ይችላል፤ 20ን በራሱ ሦስት ጊዜ ቢያባዙት 8000 ይሆናል፤ ይህም ለ6 ከሦስት አንድ ያህል ሲካፈል ከሬይሊ ቍጥር አጠገብ ያደርሳል። በ1919 ፓርሰንስና ባልደረባው ኩክ ፕሮፔለሩን የሚቦረቡረው ይህ የአረፋ መፈራረስ መሆኑን አስረዱ። ከዚያ ወዲያ በ1944 ኮርንፌልድና ሱቮሮቭ የተባሉ የሶቪየት ሊቃውንት በግድግዳ አጠገብ ያለ አረፋ ከሁሉ አቅጣጫ እኩል እንደማይፈራርስ አሰቡ፤ በኋላም በፈጣን ፎቶግራፍ እንደ ታየው፥ ከግድግዳው ራቅ ያለው የአረፋው ወገን ወደ ውስጥ ገብቶ እንደ መርፌ የቀጠነ የውሃ ጦር ወደ ግድግዳው ይወረውራል።

በዚህ ስፍራ የማጠብ ምሥጢር ተገኝቷል ማለት ነው። ድስት በአመድና በአሸዋ የፈተገ ሰው እንደሚያውቀው የደረቀን ቅባት የሚያነሣው ውሃው ብቻ አይደለም፤ ፍትጊያው ነው። ነሐስን የሚበላው የአረፋ ጦር በመጠኑ ቢደረግ ቅባትን ከብርጭቆ ይፈትጋል። ግን ፕሮፔለር ሳይኖር አረፋውን በገንዳ ውስጥ ማን ይፍጠረው?

መልሱ የመጣው ከሌላ ወገን ነው። ዣክ እና ፒየር ኩሪ የተባሉት ወንድማማቾች በ1880 የኳርትዝ ድንጋይ ሲጨመቅ ኤሌክትሪክ እንደሚያወጣ አገኙ፤ በሚቀጥለውም ዓመት ድንጋዩ ኤሌክትሪክ ሲሰጠው መጠኑን በጥቂቱ እንደሚለውጥ በሙከራ አረጋገጡ። ለብዙ ጊዜ ይህ ነገር ከመለኪያ መሣሪያ አልፎ ታላቅ ጥቅም አልተገኘለትም ነበር። የአንደኛው የዓለም ጦርነት መጥቶ የጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች የንግድ መርከቦችን ሲያሰጥሙ፥ ኮንስታንቲን ቺሎቭስኪ የተባለ ሩሲያዊ መሐንዲስ የባሕሩን ውስጥ በከፍተኛ ድምፅ ለመፈለግ ለፈረንሳይ መንግሥት ሐሳብ አቀረበ። ሥራው ለፖል ላንዠቨን ተሰጠ። ላንዠቨን የፒየር ኩሪ ተማሪ ነበርና መምህሩ ያገኘውን ድንጋይ አስታወሰ፤ በ1917 የኳርትዝ ቍራጮችን በሁለት የብረት ሳሕን መካከል አጣብቆ ከሰው ጆሮ በላይ የሆነ ብርቱ ድምፅ ወደ ባሕር ለመላክ ቻለ። የሰው ጆሮ በሴኮንድ 20,000 ጊዜ ከሚርገበገብ በላይ ያለውን ድምፅ አይሰማም።

በቱሎን የጦር ወደብ በተደረገው ሙከራ ሁለት ያልታሰቡ ነገሮች ታዩ። በድምፁ መንገድ የሚያልፉ ትንንሽ ዓሣዎች ይሞቱ ነበር። እጁን በገንዳው ውሃ ያገባም ሰው አጥንቱ በውስጡ የሚቃጠል የሚመስል ሊታገሡት የሚያስቸግር ሕመም ይሰማው ነበር። አጥንት ከሥጋ ይልቅ ድምፅን በብዛት ይውጣል፤ የዋጠውም ድምፅ ሙቀት ይሆናል፤ ስለዚህ ቆዳው ሳይሞቅ የአጥንቱ ሽፋን ይሞቃል። እንግዲህ እጅ አይግባባት የሚለው ትእዛዝ ማጠቢያው መኪና ከመታሰቡ በፊት በቱሎን በሰው እጅ ላይ ተጽፎ ነበር።

በ1917 ወደ ቱሎን ሄደው ይህን ካዩት እንግዶች አንዱ ሮበርት ዉድ የተባለው አሜሪካዊ የፊዚክስ አስተማሪ ነው። ዉድ ያየውን አልረሳም። ከጦርነቱ በኋላ ከአልፍሬድ ሉሚስ ጋራ ተወዳጀ። ሉሚስ በሕግና በገንዘብ ሥራ የበለጸገ ሰው ሲሆን፥ በኒውዮርክ አጠገብ ታክሲዶ ፓርክ በተባለ ስፍራ በራሱ ገንዘብ ታላቅ ሙከራ ቤት አቋቁሞ ነበር። ሁለቱ በዘይት በተሞላ ሳሕን ግርጌ የኳርትዝ ዝርግ ቍራጭ አኑረው እስከ 50,000 ቮልት በሚደርስ ኤሌክትሪክ በሴኮንድ በመቶ ሺሕ የሚቈጠሩ ጊዜያት አርገበገቡት። ዘይቱ በመካከሉ እንደ ጉብታ ወደ ላይ ተነሣ፤ ከጉብታውም ጫፍ ጠብታዎች እንደ ትንሽ እሳተ ገሞራ ተረጩ። ቀጭን የብርጭቆ ዘንግ በዘይቱ ውስጥ አጥልቀው ላይኛውን ጫፍ በጣታቸው ቈንጠጥ ሲያደርጉት ዘንጉ ቆዳቸውን አቃጠለ፤ ብርጭቆው ግን ለመዳሰስ የሞቀ አልነበረም። ዓሣና እንቍራሪት በአንድና በሁለት ደቂቃ ሞቱ፤ በፈሳሽ ውስጥ የተበተኑ ቀይ የደም ሕዋሶች ተሰባበሩ፤ ዘይትና ውሃ ተቀላቅለው እንደ ወተት ነጭ ሆኑ። ይህ ሁሉ በ1927 ታትሞ ወጣ።

ከዚያ ጽሑፍ የብርጭቆው ዘንግ ነገር ከሁሉ ይልቅ ለአስተማሪ ይጠቅማል። ድምፁ በዘይቱ ብቻ ተወስኖ አልቀረም፤ በጠጣሩ ዕቃ በኩል ተጉዞ ወደ ጣት ደረሰ። ስለዚህ እጄ ውሃውን አልነካም የሚለው ተማሪ አልዳነም፤ መኪናዋ እየሠራች ሳለ ቱቦውን ወይም መቈንጠጫውን በጣቱ ይዞ ወደ ውሃው ቢያጠልቅ ድምፁ በዚያው በኩል ወደ እርሱ ይመጣል። ቅርጫቱ የሚገባውና የሚወጣው መኪናዋ ቆማ ነው።

ከዚህ በኋላ ያለውን በአጭሩ መናገር ይበቃል። ኳርትዝ ከፍተኛ ቮልት የሚፈልግ ውድ ድንጋይ ስለ ነበረ ከሙከራ ቤት ብዙም ሳይወጣ ቆየ። በ1940ዎቹ ባሪየም ቲታኔት የተባለው ሸክላ መሰል ነገር በአሜሪካ፥ በሶቪየትና በጃፓን ተገኘ፤ በ1950ዎቹም ከእርሳስ፥ ከዚርኮኒየምና ከቲታኒየም የተሠራው የበለጠ ሸክላ ተከተለ። ይህ ሸክላ እንደ ልብ ቅርጽ ይሰጠዋል፤ በአነስተኛ ቮልትም ይርገበገባል። ሠሪዎች ከብረት ገንዳ ግርጌ በስተውጭ አጣብቀውት የማጠቢያ መኪና በ1950ዎቹ ለገበያ ቀረበ። ንዝረቱም አብዛኛውን ጊዜ በሴኮንድ ከ20,000 እስከ 40,000 ድረስ ሆነ፤ ዝቅተኛ ንዝረት ትልልቅና ብርቱ አረፋ ስለሚፈጥር ለማጠብ ይስማማልና።

መኪናዋን በደስታ ለመቀበል ለሙከራ ቤቶች ታላቅ ምክንያት ነበራቸው። ከዚያ በፊት ግትር እድፍ የያዘ ብርጭቆ የሚታጠበው ከፖታሲየም ዳይክሮሜትና ከብርቱ የሰልፈሪክ አሲድ በተዘጋጀ ፈሳሽ ነበር፤ ይህም ልብስንና ቆዳን ይበላል፤ በውስጡ ያለው ክሮሚየምም ካንሰር የሚያመጣ ነው። ድምፁ ይህን ፈሳሽ ከብዙ ሥራ አስወጣው። ሆኖም አንዱ ክፉ ሲወጣ ሌላው ገባ። ፋብሪካዎች በገንዳው ውስጥ በውሃ ፈንታ ትራይክሎሮኤቲሊንና ሲኤፍሲ 113 የተባሉትን ቅባት አሟሚዎች ይጨምሩ ጀመር። ስለ ሁለተኛው በ1987 በሞንትሪያል ውል ተደረገ፤ የምድርን የኦዞን ሽፋን የሚያፈርስ በመሆኑ በበለጸጉት አገሮች መሠራቱ በ1996 ቆመ። የመጀመሪያውን ደግሞ ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት በ2012 ካንሰር እንደሚያመጣ ከተረጋገጠባቸው ነገሮች መደበው። ውሃና ሳሙና በመጨረሻ ወደ ገንዳቸው ተመለሱ።

አልኮል፥ አሴቶን ወይም ቤንዚን በቀጥታ በገንዳዋ ውስጥ ማፍሰስ ግን ዛሬም የሚያጋጥም ስሕተት ነው። ዉድና ሉሚስ ያዩትን የዘይት ርጭት እዚህ ማስታወስ ይገባል። ድምፁ ፈሳሹን ወደ ጉም ይለውጠዋል፤ ደግሞም እየቈየ ያሞቀዋል፤ ከግርጌው በታች ደግሞ የኤሌክትሪክ ሽቦና ማብሪያ አለ። ጉም፥ ሙቀትና ብልጭታ በአንድነት ከተገኙ የሚከተለው እሳት ነው። እንዲህ ያለ አሟሚ የግድ ቢያስፈልግ ገንዳዋ በውሃ ትሞላለች፤ ጥቂቱ አሟሚ በቢከር ይደረግና አፉ በልል ክዳን ተሸፍኖ በውሃው ውስጥ በቅርጫት ይንጠለጠላል፤ ድምፁ የቢከሩን ግድግዳ አልፎ ይሠራል። ይህም ጭስ በሚስብ ሣጥን ውስጥ፥ ለአጭር ጊዜ፥ ከእሳት ርቆ ይሆናል። አፉ ጥብቅ ብሎ የተዘጋ ጠርሙስ ማግባት ግን አይገባም፤ ሲሞቅ በውስጡ ያለው ግፊት ጠርሙሱን ሊሰብረው ይችላል። አሲድንና ክሎሪን ያለበትን የልብስ ማንጫ ፈሳሽም ገንዳዋ አትወድም፤ የማይዝግ የተባለው ብረት በክሎሪን ይቦረቡራል።

ከጉሙ የተነሣ ሌላም ጥንቃቄ ይመጣል። የሚታጠበው ዕቃ ደም ወይም መርዝ የነካው ከሆነ፥ ጉሙ ያንኑ ይዞ ወደ ሰው ሳንባ ይገባል። ክዳኗ የተሠራው ለዚህና ለጩኸቱ ነው። ንዝረቱ ራሱ ከጆሮ በላይ ቢሆንም፥ አረፋዎቹ ሲፈራርሱ የሚያወጡት ድምፅ ጆሮ ወደሚሰማው ይወርዳል፤ ከመኪናዋ አጠገብ ብዙ ሰዓት የሚቀመጥ ሰው ራስ ምታት ይሰማኛል ቢል ሰነፍ ነው ማለት አይገባም።

ገንዳዋ ባዶ ሆና ከተነሣች ድምፁ የሚቀበለው ውሃ ያጣል፤ ኃይሉ ሁሉ በሸክላውና በማጣበቂያው ላይ ሙቀት ሆኖ ይቀራል፤ መኪናዋም ትበላሻለች። ስለዚህ ውሃው እስከ ምልክቱ ድረስ የሚሞላው ገመዷ ከግድግዳ ተነቅሎ ሳለ ነው፤ ሲደፋም እንዲሁ። ገመዷ የመሬት ሽቦ ሊኖረው ይገባል። ዕቃ በግርጌዋ ላይ በቀጥታ ማስቀመጥም ጉዳት ነው፤ ዕቃው ድምፁን ይጋርዳል፤ ግርጌውንም እየፈተገ ይበሳዋል። ስንጥቅ ያለበት ብርጭቆ ከገባ ስንጥቁ ይረዝማል፤ ሽፋን የተቀባ የማጕያ መነጽርም ከእድፉ ጋራ ሽፋኑን ሊያጣ ይችላል።

ተማሪው ግን ይህን ሁሉ ከማመኑ በፊት ሊያየው ይፈልጋል። ፓርሰንስ ለአረፋው መስኮት እንዳበጀለት፥ ለማጠቢያዋ መኪናም መስኮት የሚሆናት ምግብ የሚጠቀለልበት ቀጭን የአሉሚኒየም ወረቀት ነው። ንጹሕ ውሃ ከተሞላ በኋላ መኪናዋ ለጥቂት ደቂቃ ባዶውን ትሠራለች፤ በውሃው ውስጥ የሟሟው አየር ካልወጣ አረፋዎቹ ኃይል አይኖራቸውምና። ከዚያ ቆማ ሳለች ወረቀቱ ግርጌዋን ሳይነካ በአፏ ላይ ከተጋደመ እንጨት በክር ይታሰርና ቀጥ ብሎ ይንጠለጠላል፤ ማንም በእጁ አይዘውም። ለግማሽ ደቂቃ ወይም ለአንድ ደቂቃ ከሠራች በኋላ ትጠፋለች፤ ወረቀቱም ይወጣል።

ድምፅ በውሃ ውስጥ በሴኮንድ 1,480 ሜትር ያህል ይሄዳል፤ በሴኮንድ 40,000 ጊዜ የምትርገበገብ መኪና ከሆነች የሞገዱ ርዝመት 3.7 ሳንቲ ሜትር ይመጣል። ከግርጌ የሚነሣው ሞገድ ከውሃው ፊት ከሚመለሰው ጋራ ሲገናኝ፥ ኃይሉ በየግማሽ ሞገዱ ይሰበሰባል። ስለዚህ የወረቀቱ ቀዳዳዎች እንዲያው ተበታትነው ሳይሆን አብዛኛውን ጊዜ በ1.8 ሳንቲ ሜትር ያህል ልዩነት በመስመር በመስመር ተሰልፈው ይገኛሉ፤ ተማሪው በማስመሪያ ሊለካቸው ይችላል። በመስኮት በኩል ወደ ፀሐይ ሲያነሡት ብርሃኑ በትንንሽ ቀዳዳዎች ያልፋል። ጣቴን ላግባ ሲል የነበረው ልጅ ወረቀቱን በመጀመሪያ እርሱ ይያዘው። ከወረቀቱ የተበጠሰው ደቃቅ ብረት በገንዳዋ ግርጌ ስለሚቀርና ቀጥሎ የሚታጠበውን ብርጭቆ ስለሚጭር፥ ገመዷ ተነቅሎ ውሃው ይደፋል፤ ገንዳዋም በለስላሳ ጨርቅ ትወለወላለች።